ጾም መፍቻው የቱ ነው?

ጾም ሲገባ በደስታ የሚፈነጥዝ ልጅ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን እንደዚያ ነበርኩ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሥጋና ወተት ሊቀርበት ነው ብሎ ለንቦጩን ሲጥል፣ እኔ ዓርብ መቼ በደረሰ እያልኩ መቆሚያ መቀመጫ አጣ ነበር። በጾሙ ወራት ዓርብ ዓርብ አመሻሽ ላይ የደብራችን አዳራሽ ይከፈታላ! ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የአሮጌ ወንበር መከማቻ የነበረው አዳራሽ ይጠረጋል፣ ረዣዥሞቹ ጠረጴዛዎች ይዘረጋሉ፣ ከየቤቱ የሾርባ ድስት ክዳኑ በጨርቅ ታስሮ ይመጣል። ጸሎት አለ፣ መዝሙር አለ፣ ንባብ አለ። ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ የልጆች ትዕይንት ልምምድ፣ በመጨረሻ ደግሞ የልመና ሰዓት። መንግሥተ ሰማያት ምን ትመስላለች ብትሉኝ፣ ያኔ ሳላመነታ ዓርብ ማታ ትመስላለች እላችሁ ነበር።

የዓርቡ አዛዥ ናዛዥ እትዬ ጭልፋ ነበሩ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ጭልፋ ከእጃቸው ስለማይወርድ ልጁም አዋቂውም እንደዚያ ነው የሚላቸው፣ እሳቸውም አይቀየሙም። በአንድ በኩል ሾርባ ያወጣሉ፣ በሌላ በኩል የእኛን ትዕይንት ያስጠናሉ። ቃሉን የሳተ ልጅ ካለ ጭልፋውን ይቀስሩበታል፤ ምስሩ ጠብ ጠብ ይልበታል። ልብሳችን ላይ ባለው የሾርባ ነጠብጣብ ማን ጎበዝ፣ ማን ሰነፍ እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

ያን ዓመት የምናጠናው የሆሳዕናን ታሪክ ነበር። ጌታ ወደ ከተማ የሚገባባትን አህያ፣ ታስራ ካለችበት ፈትተው እንዲያመጡለት ሁለት ደቀ መዛሙርት ይልካል አይደል? ከሁለቱ አንዷ እኔ ነበርኩ። ወንድ ነው የሚያስፈልገው ያለ ሰው ነበር፤ እትዬ ጭልፋ ግን ድምፅ ነው የሚያስፈልገው ብለው አፉን አስያዙልኝ። አህያዋ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ድንቡሼ ነው። ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሶ የመድረኩ ምሰሶ ላይ በገመድ ይታሰራል፤ እኔ ደግሞ ሮጬ መጥቼ ገመዱን እይዝና፣ ያለችኝን አንዲት ቃል እላለሁ፤ «ልንፈታት ነው የመጣነው!»

ይቺን ቃል ቤታችን ውስጥ ያላልኩበት ጥግ የለም። አልጋ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ገላዬን እየታጠብኩ። በዚያ ላይ የደብራችን ቄስ፣ አባ፣ ስብከታቸውን ከእኛ ትዕይንት ጋር እያያዙ፣ ጾም ማለት የታሰረ ሁሉ የሚፈታበት ጊዜ ነው፣ እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ የታሰረውን ፈልጉ ይሉ ነበር። አባ እንዲህ ሲሉ የሾርባው እንፋሎት መነጽራቸውን ስለሚሸፍነው ማንን እያዩ እንደሚናገሩ አይታወቅም፤ እኔ ግን እኔን መስሎኝ ራሴን እነቀንቅላቸው ነበር። መፍታት ማለት ደስታ ነው፤ የገባኝ ይኸው ነው። ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ በምን አባቴ ልጠርጥር?

ስለ አባቴ ካነሣሁ ላይቀር፣ መካኒክ ነበር። ጋራዡ ከቤታችን ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሞተር በጆሮው ያክማል ይሉታል፤ መኪናው ገና ከመንገዱ ሲታጠፍ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ስለሚናገር፣ ከሌላ ሰፈር ሁሉ ይመጡለት ነበር። እኔ ከፍ እያልኩ ስመጣ ደግሞ አንድ አዲስ ነገር ማድረግ ጀመረ። ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን ሞተሩ ላይ ያኖርና ዓይኑን ይጨፍናል። አባ የሰው ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው እንደሚባርኩት፣ እሱም መኪናውን እየባረከ ይመስለኝ ነበር፤ ጸጥ ብዬ ቆሜ በልቤ አሜን እላለሁ።

ታዲያ ይኼ ሰው ቤት ሲገባ ዝም ነው። እማዬ ከኋላው ሆና ታወራዋለች፣ እሱ ጫማውን ያወልቃል። ትጠራዋለች፣ እሱ መስኮት ያያል። አንዳንዴ የጠየቀችው ሌላ፣ የሚመልሰው ሌላ ነው። «እሑድ እናቴን ጠይቀናት እንምጣ ወይ?» ስትለው፣ «ጎማው ነው እንጂ ሞተሩ ደህና ነው» ያላትን አልረሳም። እኔ ወለሉ ላይ ተንከባልዬ ሳቅኩ። እማዬ አልሳቀችም፤ የስፌት መኪናዋን ስባ አንድ ምሽት ሙሉ ደርዝ ስትመታ አመሸች። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትናደድ ደርዟ ይጠብቃል፣ ስትደሰት ይላላል። በዚያ ዓመት የሰፋቻቸው ልብሶች እስከ ዛሬ አልተተረተሩም ይባላል።

ጾሙ በገባበት ሳምንት አክስቴ ከምትኖርበት ከተማ መጥታ እኛ ዘንድ ሰነበተች። አንድ ቀን ከሰዓት እሷና እማዬ ከስፌቱ ክፍል ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። እኔ ቀድሜያቸው እዚያው ነኝ፤ ጨርቅ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ፣ የደቀ መዝሙርነት ሥራዬን ለመለማመድ ክር እቋጥራለሁ፣ እፈታለሁ። ማንም አላየኝም።

«ከግንብ ጋር ነው የምኖረው» አለች እማዬ። «ምን እንዳሰረው አላውቅም። ያን የባሰብኝን ቀን እንኳ፣ መብራቱን አጥፍተን ልቤን ከፍቼ ሁሉን ነገርኩት። ትንፍሽ አላለም። ዞሮ ተኛ።»

አክስቴ ምን ልታደርጊ አሰብሽ አለቻት።

«በጾም ቤቴን አልበጠብጥም። ጾም መፍቻ ይድረስ እንጂ፣ እፈታዋለሁ።»

አክስቴ አፍንጫዋን ተናፈጠች። ጉንፋን ይዟት መስሎኝ ነበር፤ አክስቴ ስታለቅስ ጉንፋን የያዘው ሰው እንደምትመስል ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን የእሷን አፍንጫ ማን አስታወሰው? እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ልቤ በደስታ ሊወልቅ ደርሷል። አባዬ ታስሯል! ለካ ለዚህ ነው የማይናገረው። አባ በየቤታችሁ የታሰረውን ፈልጉ ሲሉ፣ ለካ እኛ ቤት ነው ያለው። እማዬ ደግሞ ትፈታዋለች። በምን? በጾም መፍቻ።

መካኒክ ቤት ያደገ ልጅ መፍቻ ሲባል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው። የአባዬ መፍቻዎች ጋራዡ ግድግዳ ላይ ከትንሽ እስከ ትልቅ ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ የባትሪ መፍቻ አለ፣ የጎማ መፍቻ አለ፣ የካንዴላ መፍቻ አለ። ጾም መፍቻ የሚባል እንዴት እንዳመለጠኝ ገረመኝ። ክሩን ጥዬ እግሬ አውጪኝ ወደ ጋራዥ ሮጥኩ።

አባዬ ኮፈን ሥር ጎንበስ ብሏል። ጠራሁት፤ ቀና አላለም። እጅጌውን ስስበው ነው ዞሮ ያየኝ። ያን ጊዜ ሁሌም አፌን አፌን ነው የሚያየኝ፤ የወለቀው ጥርሴ በቅሎ እንደሆነ እየተከታተለልኝ ይመስለኝ ስለነበር፣ ጥርሴን ገልጬ ነው የማናግረው።

«አባዬ፣ ጾም መፍቻው የቱ ነው?»

ትንሽ አሰበና ወደ ግድግዳው ሄደ። ከሁሉ ትልቁን፣ ከመጨረሻው ጥግ የተሰቀለውን መፍቻ አውርዶ ሁለት እጄ ላይ አኖረው። ከክብደቱ የተነሣ ጎንበስ አልኩ።

«ይከብድሻል» አለኝ ጮክ ብሎ። «ምን ልትፈቺበት ነው?»

«አንተን!» አልኩት፣ ፊቴን አዙሬ መፍቻውን ወደ ቦታው እየጎተትኩ።

«ጎሽ» ብሎ ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

ከዚያች ቀን በኋላ ያለው ጾም እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። በደስታ ብዛት ምግብ አይወርድልኝም ነበር፤ ሰዉ ልጅቷ እንዴት ያለች ጿሚ ናት ይላል። ምልክቶቹም በላይ በላዩ መጡ። እማዬ ቁም ሣጥኑ ላይ የሚቀመጠውን ትልቁን ሻንጣ አውርዳ አራገፈችው፤ እኔ በዓሉ ሲደርስ የደብራችን ሰው አብሮ ሽርሽር የሚሄድ መሰለኝ። ቀጥላ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋችልኝ፤ ነጭ ኮሌታ ያለው፣ ጫፉ ወደ ውስጥ በሰፊው የታጠፈ፣ ሳድግ እየተለቀቀ የሚረዝም። የትዕይንቱ ልብሴ ነው ብዬ ለድንቡሼ ጉራዬን ቸረቸርኩበት። ደቀ መዛሙርት ኮሌታ አላቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አህያ አይጠይቅም አልኩት። ያ ቀሚስ በአክስቴ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነበር። እማዬ እኔን ይዛ ወደዚያ ልትሄድ ቦታ ሁሉ አስይዛልኝ ነበር። እኔ ግን መስታወት ፊት ለብሼው እሽከረከር ነበር፤ እማዬም አፏ ውስጥ የያዘችውን ስፒል ሰበብ አድርጋ መልስ አትሰጠኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ፣ ከዓርብ የተረፈውን ሾርባ ይዘን፣ ከቤት መውጣት ላቃታቸው ሰዎች እናደርስ ነበር። የእኔና የእማዬ ድርሻ ጡረታ የወጡት የባቡር ሾፌር ነበሩ። ሽማግሌው ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል። እማዬ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጥና፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያላመጠች ታናግራቸዋለች። ደብሩ ውስጥ የተወራውን ሁሉ፣ ማን ምን ሾርባ እንዳመጣ፣ የማን ጨው እንደበዛ ሳይቀር ትነግራቸዋለች። እሳቸው ዓይናቸውን ከአፏ ሳይነቅሉ ይሰሙና ሲስቁ ቤቱ ይነቃነቃል። እንዴት ያለች ትዕግሥተኛ ሴት ነች ይሏት ነበር ጎረቤቶቻቸው። ስንወጣ እማዬ መንገድ ላይ ፊቷ ይጠቁራል። እኚህ ሰውዬ እንኳ ይሰሙኛል ስትል ሰምቻታለሁ፤ ለእኔ ግን አልነበረም የተናገረችው።

አባዬን በየዓርቡ ና አብረን እንሂድ ትለው ነበር። አንድም ቀን አልመጣም። ሥራ አለብኝ ይላል፤ የማይፈታውን ፈትቶ የማይገጥመውን እየገጠመ ጋራዡ ውስጥ ያመሻል። የአዳራሹ ወንበር ሲንኳኳ፣ ማንኪያው ሲንሿሿ፣ ሰው ሁሉ በአንዴ ሲያወራ፣ ለእሱ አንዱ ከአንዱ እንደማይለይለት፣ እዚያ ቢቀመጥ ጉዱ እንደሚወጣ ፈርቶ መሆኑን ማን ገመተ? ሞተር በጆሮው የሚያክም ሰው ጆሮው ከዳው ከተባለ፣ ጋራዡ ደጃፍ ማን ይቆማል? ለማንም አልተናገረም። ለእሷም አልተናገረም፤ እሷ የወደደችው ያንን ባለ ጆሮ ሰውዬ እንደሆነ ነበር የሚያስበው።

የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ። አንድ ቀን አልፎ ሆሳዕና ነው፤ ያን ማታ የምንለማመደው ከነልብሳችን ነበር። ድንቡሼ በብርድ ልብሱ ውስጥ እያላበው፣ እኔ በሰማያዊ ቀሚሴ፣ መጋረጃው ሊከፈት ሲል ሽቦው ጓ ብሎ ከነማያያዣው ወደቀ። እትዬ ጭልፋ ራሳቸውን ያዙ። ሆሳዕና ያለ መጋረጃ ሊሆን ነው ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ። አባ ግን ወዲያው መካኒኩን ጥሩት አሉና አንዱን ወጣት ላኩ።

አባቴ ቱታውን እንደለበሰ፣ የዕቃ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከበሩ ሲገባ፣ እኔ ከመድረክ ዘልዬ ልወርድ ስል ድንቡሼ ቀሚሴን ያዘኝ። እማዬ ሾርባዋን ይዛ ከፊት ጠረጴዛ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችውና ወደ እትዬ ጭልፋ ዘንበል ብላ፣ ለእኔ ያልመጣ ሰው ለብሎን መጣ አለች። እየቀለደች መሰለኝ። አባዬ ለሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ መሰላሉን ዘረጋ፣ ወጣ፣ ሥራውን ጀመረ። አባም ጊዜ እንዳይባክን እሱ እየሠራ እኛ ወደ ልመናው እንለፍ አሉ።

የልመናው ደንብ ቀላል ነው። አንዱ ተነሥቶ የሚለምነውን ይናገራል፤ አዳራሹ በሙሉ አሜን ይላል፤ ለምን፣ እንዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያ ዓርብ የልጆች ስለነበረ የምንነሣው እኛ ነን። አንዷ ለአያቷ ጉልበት ለመነች፣ አሜን ተባለ። ድንቡሼ ለከርሞ ከአህያነት እንዲወጣ ለመነ፤ ሁሉም እየሳቀ አሜን አለ፣ ከእትዬ ጭልፋ በቀር። አባዬ መሰላሉ ላይ እንዳለ፣ ልጅ ሲነሣ ባየ ቁጥር ሥራውን ገታ አድርጎ ወደ አዳራሹ ይዞራል፣ ሰዉ አሜን ሲል እሱም ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከተላል። እንዲህ ሲዞር እጁን አየሁት። የያዘው ትልቁን መፍቻ ነው። ጾም መፍቻውን!

እናንተዬ፣ በቃ ሁሉ ነገር ገጠመልኝ። ጾሙ ሊያልቅ ነው፤ መፍቻው መጥቷል፤ ታሳሪው መሰላል ላይ ቆሟል፤ ፈቺዋ ከታች ተቀምጣለች። የቀረው ልመና ብቻ ነበር። ተራዬን ሳልጠብቅ ወንበር ላይ ወጣሁና፣ እትዬ ጭልፋ ባስተማሩኝ፣ ከመድረክ እስከ በር በሚሰማው ድምፄ ለመንኩ።

«እማዬ በጾም መፍቻ አባዬን እንድትፈታው፣ እግዚአብሔር ይርዳት።»

ማንኪያ ወደ አፉ የላከ ሰው እዚያው መንገድ ላይ አስቀረው። አባ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ አሜኑን እየጠበቅኩ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ከየትም አልመጣም። ሰው ሁሉ አንዴ እማዬን፣ አንዴ መሰላሉን ያያል። አባቴ ከላይ ሆኖ በፈገግታ ነበር የሚያየኝ፤ ልጁ በሕዝብ ፊት ቆማ ስለለመነች ኩራቱ ፊቱ ላይ ያበራል። አፌ መዘጋቱን አየ። መጨረሴን አወቀ። ያን ጊዜ ብቻውን፣ በሙሉ ድምፁ፣

«አሜን!» አለ።

ከዚያም ወደ ብሎኑ ዞረ።

አንድ ሁለት ሰው ሾርባው ትን አለው። እትዬ ጭልፋ ጭልፋቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ ባዶ እጃቸውን ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን ደስታዬ ወሰን አጣ። ራሱ ታሳሪው አሜን ካለ የሌላው ሰው አሜን ምን ያደርግልኛል?

እማዬ መጀመሪያ ላይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አንገቷን ደፋች፣ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ከዚያ ግን ቀስ ብላ ቀና አለች። የሰፋችው ልብስ አልገጥም ብሎ ሲያስቸግራት ከርሞ፣ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ድንገት ስታገኘው የምታሳየው ፊት አለ፤ ያንን ፊት አየሁ። ሳህኗን አስቀመጠችና ሄዳ መሰላሉ ሥር ቆመች። አባዬ ጀርባውን ሰጥቷታል።

«ሰማኸኝ?» አለችው።

ዝም።

«አንተ ሰው።»

ዝም። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ያንን የሰማነው እኔና ድንቡሼ ብቻ ነን፣ ቅርብ ስለነበርን።

«ልፈታህ ነው እኮ።»

አባዬ አንድ የቆየ መዝሙር፣ ዜማው ተበላሽቶበት፣ እያንጎራጎረ ብሎኑን ያጠብቃል። እማዬ እጇን ዘርግታ የሱሪውን ጫፍ ያዘች። ያኔ ወደ ታች አያት።

«ምነው? ሾርባው ደረሰ?»

እማዬ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እኔ አልለየሁም፤ እሷም የለየችው አይመስለኝም። ፊቷን ወደ መብራቱ አዞረች። ልክ የባቡር ሾፌሩን እንደምታናግራቸው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያላመጠች፣

«ደርሷል» አለችው። «ውረድ።»

አባ ብልጥ ናቸው፤ ወዲያው ደብራችን ከሚያውቃቸው መዝሙሮች ሁሉ ረጅሙን አስነሡ። ሕዝቡ እየዘመረ በዓይኑ በሩን ሲከተል፣ እማዬና አባዬ ወደ ግቢው ወጡ። እኔ ዝማሬውን ትቼ መስኮቱ ሥር ወንበር አስጠግቼ ወጣሁበት። በበሩ አምፖል ሥር፣ ከድንጋዩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እማዬ አገጩን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችውና አንድ ነገር ጠየቀችው። አባዬ ጣቱን አንሥቶ ጆሮውን ነካ፤ አንደኛውን፣ ቀጥሎ ሌላኛውን። እማዬ ትከሻውን በቡጢ መታችው፤ ደግማ መታችው። ሦስተኛውን ልትመታው ስትል እጇ እዚያው ትከሻው ላይ ቀረ። ጆሮውን ሳይታጠብ መጥቶ እየተቆጣችው ነው አልኩት ለድንቡሼ፣ እሱም ወንበሩ ላይ እየተጋፋኝ ነበርና።

ቀጥሎ እማዬ ብዙ ተናገረች። ቀስ እያለች፣ ፊት ለፊት። አባዬ ዓይኑን ከአፏ አልነቀለም። መሐል ላይ ኮፍያውን አወለቀ። ስትጨርስ መዳፉን፣ ዘይት የጠጣውን መዳፉን፣ ሞተር ላይ እንደሚያኖረው አድርጎ ሆዷ ላይ አኖረና ዓይኑን ጨፈነ። እማዬን ሆዷን አሟት መሰለኝ። በጨለማ የነገረችውን፣ ዞሮ ተኛ ያለችውን ነገር፣ በብርሃን እየደገመችለት ነበር። እኔ ወንድም ወይም እህት ሊኖረኝ ነበር፤ አስወርዷት ነው። እሱ የሰማው ያን ምሽት ነው። እሷ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዋን ያለቀሰችውን እሱ እዚያ አግዳሚ ላይ ጀመረው፣ ከእሷ ኋላ፣ እንደ ልማዱ ዘግይቶ። እኔ እስከዚያ ቀን አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እየተፈታ ነው አልኩት ለድንቡሼ። በዚህ እንኳ አልተሳሳትኩም።

ሆሳዕና ዕለት አባዬ ከፊተኛው ወንበር፣ አፋችንን እንደልቡ ከሚያይበት ቦታ ተቀመጠ። መጋረጃው ያለ ምንም እንከን ተከፈተ። እኔ ሮጬ መጣሁ፣ የድንቡሼን ገመድ ያዝኩና፣ «ልንፈታት ነው የመጣነው!» ብዬ ስጮህ፣ አዳራሹ በአንዴ በሳቅ ፈነዳ። አባ ሳይቀሩ። እትዬ ጭልፋ ምን የሚያስቅ ነገር አለ ብለው ጭልፋውን ለሕዝቡ ቀሰሩ፤ እሳቸውም ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። አባዬ ብቻ ግራ ገብቶት ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ ቃሌን ፊት ለፊቱ ደገመችለት። ሰው ሁሉ ሳቁን ጨርሶ አፉን ከዘጋ በኋላ፣ ከፊት ወንበር አንድ ሳቅ ብቻውን ተነሣ። ደብራችን እንደዚያ ሲስቅ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ሻንጣው ወደ ቁም ሣጥኑ አናት ተመለሰ። ሰማያዊውን ቀሚስ እማዬ ኮሌታውን አንሥታ የእሑድ ልብሴ አደረገችው፤ የታጠፈው ጫፉ እየተለቀቀ ለብዙ ጊዜ ለበስኩት። ጋራዡም አልተዘጋም። አባዬ እያፈረ ለደንበኞቹ ሲናገር፣ እነሱ ቀድመው ያወሩት ሌላ ነበር፤ በጆሮው ያክም የነበረው አሁን በመዳፉ ያክማል ተባለ፣ ይኼኛው እንዲያውም የበለጠ ስም አወጣለት። ጾሙ በተፈታበት ጠዋት፣ እማዬ የበዓል ልብስ ለመጨረሻ ጊዜ እያስተካከለችልኝ ሳለ፣ ፈታሽው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አፏን የሞላውን ስፒል አንድ በአንድ አወጣች።

«ፈታሁት» አለችኝ።

ይኼን ሁሉ የነገሩኝ ሁለቱም ናቸው፣ እኔ ራሴ ለትዳር በደረስኩ ጊዜ፣ እየተቀባበሉ፣ እየተራረሙ። እስከዚያ ድረስ ትልቁ መፍቻ በእርግጥ ጾም መፍቻ የሚባል ይመስለኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ለባሌ ሳይቀር እንደዚያ ብዬው አፍሬያለሁ።

ዛሬ አባዬ የመስሚያ መሣሪያ አለው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ግን መዝሙሩ ያፏጭብኛል ብሎ አውልቆ ኪሱ ይከታል። እኔም አሁን ጭልፋውን ወርሼ ዓርብ ዓርብ የማዝዘው እኔ ነኝ፤ ጾም ሲገባ ዛሬም እንደ ልጅ ነው የምፈነጥዘው። በየዓመቱ ጾሙ ተፈትቶ፣ ሰዉ እርስ በርሱ እንኳን አደረሰህ እየተባባለ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲወጣ፣ እማዬ አባዬን ከኋላው ሆና እጅጌውን ትስበዋለች። ዞሮ አፏን ያያል። እሷም ሆን ብላ፣ ሳታላምጥ፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ፣

«ዘንድሮም አልፈታሁህም» ትለዋለች።

አባዬ አፏ እስኪዘጋ ጠብቆ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብሎ፣ አሜን ይላል።